ፀሐይ በማይገባበት ቤት ምን ይበቅላል? የአራዳና የፒያሳ ጠባብ ቤቶች ዳሰሳ

አራዳ ውስጥ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖር፣ ከደመወዙ ለወር መጨረሻ ብዙም የማይተርፈው ሰው ቤቱ ውስጥ የሚበላ ነገር ማብቀል ይችላል? መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። የከተማ ግብርና ባለሙያው «በጀሪካን፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በአሮጌ ጎማ ይቻላል» ይላል። ስልኩ ላይ የውጭ ቪዲዮ ሲያይ ያመሸው ወጣት ስለ ሐምራዊ መብራትና ያለ አፈር ስለሚያድግ ሰላጣ ያወራል። ደጃች ውቤ ሰፈር የጎረመሱ ሽማግሌ ደግሞ ድሮ በየግቢው ጤና አዳምና ጌሾ እንደነበረ አስታውሰው «አሁንማ ግቢው የታለ?» ብለው ያልፋሉ።

ሦስቱም ከፊል እውነት አላቸው። ይህ ዳሰሳ ሐሳቦቹን ከቤቱ፣ ከኪሱና ከአየሩ ጋር እያስተያየ ይመዝናቸዋል። ከወዲሁ ለመናገር ግን ጀማሪውን የሚያከስረው አፈርም ዘርም አይደለም። አፈር ይለመናል፤ ዘር በትንሽ ብር ይገኛል። ብርሃን ግን ወይ በነጻ ይገባል፣ ወይ በመብራት ቆጣሪ ይከፈልበታል። ስለዚህ ምን እንደሚተከል የሚወስነው የባለቤቱ ምኞት ሳይሆን የክፍሉ ብርሃን መሆን አለበት።

ግቢው እንዴት ጠበበ

አራዳ ሲቆረቆር የጠበበ ሰፈር አልነበረም። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የመኳንንቱና የሠራዊታቸው ሰፈሮች ስብስብ ነበረች፤ በየሰፈሩ መካከል ሜዳና ጓሮ ነበር። የከተማይቱ ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ተወሰደ። ፒያሳ ግን የሱቅ፣ የወርቅ ቤት፣ የሲኒማና የቡና ቤት ሰፈር ሆና ቀጠለች። የአርመንና የህንድ ግንበኞች የእንጨት ሰገነት ያላቸውን ቤቶች ሠሩላት፤ ከኋላቸው ደግሞ የጭቃ ቤቶች ተደረደሩ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ቤተሰብ ሲበዛ ግቢው ውስጥ ተቀጽላ ክፍል ተሠራ፤ ቦታ ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ ቆጥ ተሰቀለ። ጓሮ የነበረው መሬት ማድቤት፣ ሽንት ቤትና መተላለፊያ ሆነ። በሠራተኛ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያና በእሪ በከንቱ ያደገ ሰው የሚያውቀው ግቢ ይኸው ነው፤ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከቆርቆሮ እስከ ቆርቆሮ የምትታይ አንዲት ሰማይ።

የአትክልት አቅርቦቱም ራቀ። ለብዙ ዓመታት የፒያሳ ሰው ቲማቲምና ጎመን የሚገዛው በእግሩ ደርሶ ከአትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ኋላም ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተሠራለት ቦታ ሄደ። የመጓጓዣው ዋጋ በጉሊቱ መደብ ላይ መታየቱ አልቀረም። «እኔስ በቤቴ ባበቅል?» የሚለው ጥያቄ አራዳ ላይ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ ፀሐይን መቁጠር

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። የቀኑ ርዝመት ዓመቱን በሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። የሚለዋወጠው ፀሐይዋ የምታልፍበት መንገድ ነው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ይህን ማወቅ ከማንኛውም ማዳበሪያ በላይ ይጠቅማል። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ከመስከረም እስከ መጋቢት፣ ማለትም ሰማዩ ጥርት በሚልበት በጋ፣ ፀሐይ ያገኛል። ወደ ሰሜን የሚያየው ተራው የሚደርሰው በክረምት ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመናው ድርሻውን ይወስድበታል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ በር ወይም በረንዳ ግን ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ አያጣም፤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

የሰው ዓይን ብርሃንን ሲመዝን ያታልላል፤ ከጨለማው ጋር ቶሎ ስለሚላመድ ደብዛዛውን ክፍል ብሩህ አድርጎ ያሳያል። በጠራ ቀን ሜዳ ላይ ያለው ብርሃን ወደ 100 ሺህ ሉክስ ይደርሳል። ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ሺህ ቢገኝ ጥሩ ነው። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ርቆ አልጋው አጠገብ ሲደረስ ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርዳል። ሰላጣ በደንብ እንዲያድግ በቀን ከሚያስፈልገው ብርሃን ይህ መስኮት የሚሰጠው አንድ ስድስተኛውን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ብዙ ጀማሪ ችግኙ ቀጥኖ ሲረዝምና ሲወድቅ ውሃ ያነሰው መስሎት ያጠጣዋል፤ ሥሩ በስብሶ ይሞታል። ተክሉ ግን የተራበው ብርሃን ነበር።

መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ የዕረፍት ቀን መርጦ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የትኛውን ቦታ እንደምትነካ በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ቀጥተኛ ፀሐይ ከስድስት ሰዓት በላይ የሚያገኝ ቦታ ቃሪያና ቲማቲም ይሞከርበታል። አራት ሰዓት ገደማ የሚያገኘው ለቅጠላ ቅጠል ይሆናል። ሁለት ሰዓት የማይሞላው ለናና ካልሆነ ለአረንጓዴ ተክል አይመችም። ፀሐይ ጭራሽ የማይደርስበት ደግሞ የራሱ ሰብል አለው።

በጨለማ የሚበቅለው

ቤት ውስጥ ማብቀል ለአገራችን እናቶች አዲስ ነገር አይደለም። ብቅል የሚያበቅል ቤት የቤት ውስጥ እርሻ ያለው ቤት ነው። ገብሱ ይለቀማል፤ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ከዚያ ተጠንፍፎ በኮባ ቅጠል ላይ ይነጠፍና በቅጠል ተሸፍኖ ክብደት ይጫንበታል። በሦስተኛው ቀን ገደማ ቅጠሉ ሲገለጥ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ የእህል ሽታ ይወጣል፤ ነጫጭ ሥሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ ምንጣፍ ይነሣሉ። ያኔ ይሰጣና ይደርቃል። መብራት አልተጠየቀበትም፤ አፈርም አልገባበትም። ዘሩ የሚያድገው በራሱ ስንቅ ነው።

በቆልትም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል። ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ድፍን ምስር ተለቅሞ ይታጠባል፤ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ጠዋትና ማታ በንጹህ ውሃ እየታጠበ በሁለት ሦስት ቀን ቡቃያው ይወጣል። የተከካ ምስር ወይም ክክ አይበቅልም፤ ከገበያ ሲገዛ ድፍን መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። በውሃው ምክንያት ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ለመቀቀልም ከደረቁ ጥራጥሬ ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ከሰልና ጋዝ ይቆጥባል። በጾም ወራት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። ሙቀትና እርጥበት ለዘሩ እንደሚመች ሁሉ ለጀርምም ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለው የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ የተገናኘው በጥሬው ከሚበላ የአብሽ በቆልት ጋር ነበር። በውጭ ቪዲዮዎች ላይ በቆልት በጥሬው ሰላጣ ላይ ሲበተን ይታያል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበትና ውሃ በጀሪካን በሚቀመጥበት ቤት ይህን መኮረጅ አያዋጣም፤ አብስሎ መብላት ነው የሚሻለው።

እንጉዳይ፦ ተስፋውና ሳንባው

ሁለተኛው የጨለማ ቤት ሰብል እንጉዳይ ነው። ለአዲስ አበባ አየር የሚስማማው ኦይስተር የሚባለው፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው ዓይነት ነው። የሚያድገው በጤፍ ጭድ፣ በስንዴ ገለባ፣ በጥጥ ፍሬ ገለባ፣ በመጋዝ ዱቄትና በቡና አተላ ላይ ነው። ፒያሳ ለዚህ የታደለች ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ማኪያቶ ሲቀዳባት በምትውለው ሰፈር የቡና ማሽን አተላ በነጻ ይገኛል። በፈላ ውሃ ስላለፈ በዚያው ዕለት ከዋለ ከሌላ ሻጋታ ንጹህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ካደረ ግን አረንጓዴ ሻጋታ ይቀድማል። ለብቻው ስለሚታፈግ ከጭድ ጋር መቀላቀል አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተከተፈው ጭድ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከሰል ከተወደደ በኖራ ውሃ አሳድሮ ተቀናቃኝ ሻጋታዎችን ማዳከም ይቻላል፤ ኖራ ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ይጠይቃል። ጭዱ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ እስኪወጣው ይጠነፈፋል፤ ከእንጉዳይ ዘር ጋር እየተደባለቀ ፌስታል ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ፌስታሉ ይበሳሳል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ነጩ ድር ጭዱን ሁሉ ያለብሰዋል። ከዚያ ንጹህ አየርና በየቀኑ የሚረጭ ውሃ ሲያገኝ ፍሬ ያወጣል። ብርሃን የሚፈልገው ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃውን ያህል ነው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጭድ በሁለት ሦስት ዙር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ይጠበቃል።

ዘሩን ራስ ማዘጋጀት ግን የጀማሪ ሥራ አይደለም። ዘሩ የሚራባበት እህል አስቀድሞ 121 ዲግሪ በሚደርስ የግፊት ድስት መመከን አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ የቱንም ያህል ቢንተከተክ እዚያ አይደርስም። የተዘጋጀ ዘር መግዛት ይሻላል።

እዚህ ላይ የእንጉዳይ ሰባኪዎች ፈጥነው የሚያልፉት ነገር አለ። ኦይስተር ሲበስል በዓይን የማይታይ ብናኝ በብዛት ይለቃል። ይህ ብናኝ በተዘጋ ክፍል ሲተነፈስ የሳንባ ሕመም እንደሚያስከትል በእንጉዳይ ሠራተኞች ላይ በሕክምና የታወቀ ነው። አንድ ክፍል ያለው ሰው መኝታውም፣ ሳሎኑም፣ የልጆቹ ማጥኛም እዚያው ነው። ፌስታሉ ድር እስኪያለብስ ቆጥ ሥር መቀመጡ ብዙም አይጎዳም፤ ፍሬ ሊያወጣ ሲል ግን ወደ ማድቤት ወይም አየር ወዳለው መተላለፊያ መውጣት አለበት፤ ጠርዙ ሳይገለበጥም መለቀም አለበት። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ጭራሽ ባይሞከር ይመረጣል። በሌላ አነጋገር እንጉዳይ ብርሃን ለሌለው ቤት እንጂ ሁለተኛ ክፍል ለሌለው ቤት አይደለም።

በረንዳውና ጀሪካኑ

አራት ሰዓት ፀሐይ ያለው በረንዳ፣ የደረጃ ጥግ ወይም የመስኮት ደፍ የተገኘ እንደሆነ ጨዋታው ይለወጣል። የመጀመሪያው ምርጫ ቆስጣ ነው። ትንሽ ጥላ ይችላል፤ የአዲስ አበባ ብርድ አያስደነግጠውም፤ የውጭ ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ከመካከሉ አዲስ ስለሚያወጣ ለወራት ይበላል። የሐበሻ ጎመንም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቅጠሉ ይደርሳል። ቃሪያና ቲማቲም ግን ከኅዳርና ከታኅሣሥ የሌሊት ቁር፣ ከክረምቱም ቅጠል አጥቋሪ በሽታ ጋር መታገል አለባቸው፤ ለመጀመሪያ ዓመት ተስፋ ማስቆረጫ ናቸው።

በወጪ ሲሰላ ከሁሉ የሚያዋጡት ጥቂት ብቻ የሚፈለጉት የቅመም ቅጠሎች ናቸው። ለአንድ ድስት የሚሆን የጥብስ ቅጠል፣ ለቡና የምትጣል አንዲት ዘለላ ጤና አዳም፣ ለሻይ ናና በየጊዜው በብር ይገዛሉ፤ የተረፈው ደግሞ ጠውልጎ ይጣላል። ናና ከጉሊት ተገዝቶ ታችኛው ቅጠሉ ተነቅሎ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢቆም በሳምንት በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል። የጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ቁራጭም እርጥብ አሸዋማ አፈር ላይ ይያዛል፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ዘር የሚባል ወጪ የለም።

ዕቃውም ቤት ውስጥ አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሰፊ ጎኑ ይጋደምና ላይኛው ጎን ተቆርጦ ይነሣል፤ እጀታው መሸከሚያ ሆኖ ይቀራል። ሥሩ በጋለ ሚስማር ስድስት ሰባት ቦታ ይበሳል። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይነጠፋል፤ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል። በላዩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ተደባልቆ ይሞላል። ሦስት የቆስጣ ችግኝ በዚህ ይበቃዋል። ለእንጉዳይ የዋለው ጭድም ሲያልቅ እዚህ ይገባል፤ ምንም አይጣልም።

አፈሩ ከየት ይምጣ የሚለው ግን በቸልታ አይታለፍም። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የተዉት እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ከመኪና ጭስ የወጣው እርሳስ በአፈር ውስጥ አይጠፋም። ከአስፋልት ዳር፣ ከጋራዥ ደጅ፣ አሮጌ ቀለም ከተላጠበት ግድግዳ ሥር የተዛቀ አፈር ለሰላጣ አይሆንም፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት። ከወንዝ ዳርም እንዲሁ። በከተማዋ ወንዞች በሚጠጡ የአትክልት ማሳዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የከባድ ብረት ብክለት ሲያሳዩ ቆይተዋል። የቤት ውስጥ ጓሮ አንዱ ትልቅ ጥቅም የሚበላው ቅጠል ምን ጠጥቶ እንዳደገ ማወቅ ስለሆነ ይህን ጥቅም በቆሻሻ አፈር ማበላሸት ሞኝነት ነው።

ውሃው ሌላው ሒሳብ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለጀሪካን ተክል በቀን የምትፈስ አንድ ሊትር የጎረቤት ዓይን ታስከትላለች። ምስርና አትክልት የታጠበበት ውሃ ያለ ሥጋት ይሆናል፤ የልብስ ሳሙና ያለበት ግን አፈሩን ያበላሻል። በክረምት ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ ከ250 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ አሥር ካሬ ሜትር ጣሪያ በወር ከሁለት ሺህ ሊትር በላይ ያወርዳል። የሚጎድለው ማጠራቀሚያው ነው።

በመብራት የማብቀል ፈተና

አሁን ወደ ወጣቱ ቪዲዮ እንመለስ። ብርሃን ከሌለ በመብራት መተካት ይቻላል፤ ጥያቄው በስንት የሚለው ነው። አንድ ካሬ ሜትር ሰላጣ ያለ ፀሐይ ለማሳደግ ጥሩ በሚባል ኤልኢዲ በቀን 1.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በወር ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 3.5 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ 14 ሰዓት ሲነድ የሚበላው ማለት ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦ ጥሩ የተያዘ አንድ ካሬ ሜትር የጥቃቅን ጓሮ በ60 ቀን 36 ራስ ሰላጣ እንደሚሰጥ ይገምታል። በወር 18 ራስ ሰላጣ ለማግኘት ይህን ያህል ኃይል ማቃጠል ለሆቴል ያዋጣ እንደሆነ እንጂ ለአንድ ክፍል ቤት አያዋጣም። ለቤት የሚሸጠው ባለ 9 ዋት አምፖልም ችግኝ ለማስነሣት ሊረዳ ይችላል፤ ሰብል አያደርስም።

ያለ አፈር የማሳደጉ ዘዴም እንዲሁ ነው። ክዳኑ የተበሳ ባልዲ፣ ውሃና የሚሟሟ ማዳበሪያ ብቻ የሚፈልግ ቀላል ዓይነት አለ፤ ፓምፕ እንኳ አይጠይቅም። ነገር ግን ማዳበሪያው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወዷል። ፀሐይ ለማያጣ በረንዳ መሞከሩ አይከፋም፤ ለጨለማ ክፍል ግን የብርሃኑን ዕዳ አይከፍልለትም።

ይህ የመብራት እውቀት በዓለም የተስፋፋበትን አንዱን ምክንያት መደበቅ አያስፈልግም፤ ካናቢስ ነው። የቤት ውስጥ ድንኳኑ፣ ጠንካራው መብራት፣ ጭስ ማውጫው ከሕግ ተሸሽጎ ለማብቀል ሲባል ተራቅቋል። ኢቫን ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት የቤት ውስጥ ካናቢስ የአገሩን ኤሌክትሪክ 1 በመቶ ያህል እንደሚወስድ ገምቷል። እዚያ ይህ ወጪ የሚቻለው ምርቱ በጣም ውድ ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መሠረት ያለ ፈቃድ ማብቀሉ ራሱ በጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከዚያ ዓለም የተቀዳ መሣሪያ በሰላጣ ዋጋ ወጪውን እንደማይመልስ ማወቅ ጀማሪውን ከኪሳራ ያድነዋል።

የማን በረንዳ?

የመንግሥት ትኩረት አልታጣም። በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔት ፕሮግራም ውስጥ አረንጓዴ ልማትና የከተማ ግብርና ከሥራ መስኮቹ መካከል ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ሲጀመር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ዋና ሆኑ፤ የከተማው አስተዳደርም የጓሮ አትክልትን በየክፍለ ከተማው አስፋፋ። ሌሎችም ከተሞች ቀድመው ሞክረውታል። ዳካር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፋኦ እርዳታ የጣሪያና የግቢ ጥቃቅን ጓሮዎችን አስፋፍታለች። በናይሮቢ ኪቤራ ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የምርጫ ማግስት ሁከት በኋላ በቆመ ከረጢት ጎን ላይ ጎመን መትከል ተለምዷል።

የኪቤራው ከረጢት የሠራው ግን የምድር ወገብ ፀሐይ የሚያርፍበት ደጅ ስላለው ነው። የዳካሩ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ አለው። የአራዳው ቆርቆሮ ዘንበል ያለ ነው፤ ክብደትም አይችልም። ስለዚህ «እነሱ ችለዋል» የሚለው ክርክር ጣሪያውን ሳያይ አይደመደምም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የመቆየት ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የዙሪያዋ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ገና ያልተነሡት ደግሞ መቼ እንደሚነሡ ሲያስቡ ይከርማሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው አጥር ሥር ጌሾ አይተክልም፤ ጌሾ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። የሚንቀሳቀስ ጓሮ ብቻ ነው ትርጉም ያለው። ባለ እጀታው ጀሪካን እዚህ ላይ ብልሃት ይሆናል፤ ከአይሱዙ ጀርባ ከአልጋውና ከምጣዱ ጋር ይጫናል።

ከየት ይጀመር?

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከተዛባ እንቁላሉ ይሰበራል። በዚህ ዳሰሳ ሚዛን ጀማሪው የሚነሣው ምንም ዕቃ ከማያስገዛው በቆልት ነው፤ በሦስት ቀን ውጤቱን ያያል። ቀጥሎ የቅመም ቅጠል ቁራጭ፤ ዋጋው አንድ የጉሊት እስር ነው። ሦስተኛ፣ ፀሐይዋ ተቆጥራ አራት ሰዓት ከተገኘ የጀሪካን ቆስጣ። አራተኛ፣ ከመኝታ የተለየ ቦታ ካለ እንጉዳይ። መብራት ካስፈለገ የመጨረሻው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ቤተሰብን ይመግባል ወይ ለሚል መልሱ አይመግብም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ለአራት ሰው በዓመት ወደ 580 ኪሎ ይመጣል። የትኛውም የአራዳ በረንዳ ይህን አይሰጥም። የሚሰጠው ሽሮውን የሚያጅብ ቆስጣ፣ የጾም ቀን በቆልት፣ የማይገዛ ጤና አዳምና ናና ነው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ሰው ወይ ዕቃ ሊሸጥ ነው፣ ወይ ሪፖርት ሊሞላ ነው።

ሪፖርቱ ላይ የሚቆጠረው የታደለው ችግኝና ከረጢት ነው። ሊቆጠር የሚገባው ግን ከአራዳ የተነሣው ሰው በገባበት አዲስ ቤት በረንዳ ላይ በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያርፍ፣ የበረንዳው መደገፊያ ጀሪካን ይሸከም እንደሆነ፣ ቧንቧው ስንተኛ ፎቅ ድረስ እንደሚወጣ ነው። እነዚህ ሦስቱ ቤቱ ሲነደፍ ካልተወሰኑ በኋላ የሚታደል ዘር ሁሉ ከመስኮቱ ሥር ቀጥኖ ይወድቃል። ነዋሪውም ቁልፍ ሲቀበል የክፍሉን ስፋት ብቻ ሳይሆን በረንዳው ወደየት እንደሚያይ ቢጠይቅ ጓሮውን ያኔውኑ ጀመረ ማለት ነው።